አዋሽ ላይ የመረጥኩት ጨዋታ

ሰመራ በነበርኩባቸው ዓመታት ለጓደኞቼ ጨዋታ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ከደብረ ብርሃን ወደ አፋር ስወርድ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰመራን የሚያውቅ ያውቃታል። ቀን ሙቀቱ ከቢሮ አያስወጣም፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ግድግዳው ሲጠጣ የዋለውን ፀሐይ ይመልሰዋል። ሲኒማ የለ፣ መናፈሻ የለ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ሀያት በተከራየንበት ግቢ ምንጣፍ ዘርግተን መጫወት ጀመርን።

አምስት ነበርን። ጋሽ ጌታቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፣ ተወልደው ያደጉት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። ዳዊት የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው፤ በሥራው የሚስተካከለው የለም፣ ሲናገር ግን ይንተባተባል። ዓሊ የአሳይታ ልጅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር፣ ከመካከላችን የሰመራ አካባቢ ሰው እሱ ብቻ። ሀያት የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ቢሮአችን አንድ፣ ግቢያችን አንድ፤ የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር።

ጨዋታ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርታ አይሆንም፤ ሀያትና ዓሊ ቁማር ይመስላል ብለው አይነኩትም። ሉዶ ለአራት ሰው ነው፣ አምስተኛው ተቀምጦ ያዛጋል። ማፊያ ደግሞ ሰው ካልበዛ አይሞቅም። እንቆቅልሽ ካልን ጋሽ ጌታቸው ብቻቸውን አገር ሲቀበሉ ይውላሉ። መብራትም በድንገት ስለሚጠፋ ቴሌቪዥን የሚፈልግ ነገር አይታሰብም። እኔ ከሰኞ ጀምሬ ለቅዳሜ የሚሆነውን አስባለሁ፤ ሕጉን አሻሽላለሁ፣ ለማን ምን እንደሚያስቅ አሰላለሁ። ጥሩ ጨዋታ ማለት ለእኔ ሳቅ የበዛበት ነበር። ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ አልቆጥርም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተረበኛ ነበርኩ። በልጅነቴ መልክ አልነበረኝም፣ በትምህርትም መካከለኛ ነበርኩ፤ ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ ሳስቀው ብቻ ነው። የሰው አካሄድና አነጋገር አንድ ጊዜ ካየሁ ይዤ እቀራለሁ። ቢሮ ውስጥ "ፍሬ ያለችበት ቦታ እንቅልፍ የለም" ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ አዋሹ ነገር ከመግባቴ በፊት፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሆነውን መናገር አለብኝ።

ሀያት ታጭታ ነበር። እጮኛዋ በጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ላይ ዕቃ የሚያስፈትሽ ትራንዚተር ሆኖ ይሠራል፤ ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ሊሆን ቀን ተቆርጦለታል። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋችውና ስልኳን ሰጠችኝ። ሰውየው በአጭር መልእክት "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አውፍ በይኝ" ብሏታል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

"ለእናቴ እንኳን አልነገርኩም" አለችኝ። "ወላሂ ፍሬ፣ ላንቺ ብቻ ነው። ምናልባት ይመለስ ይሆናል።"

አቀፍኳት። "አለሁልሽ፣ ከእኔ አይወጣም" አልኳት። ስላትም ከልቤ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የመረጥኩት ጨዋታ "ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት" ነበር። እያንዳንዱ ስለራሱ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ውሸቱን ያወቀ ነጥብ ያገኛል። ሀያት ተራዋ ሲደርስ ትንሽ አሰበችና "ድመት እፈራለሁ። ዋና እችላለሁ። ሰርጌ ከረመዳን በኋላ ነው" አለች።

ጋሽ ጌታቸው "ዋናው ነው ውሸቱ" አሉ። ዳዊት ድመቱ ነው አለ። አሁን ሳስበው፣ ሰርጉን እውነት አድርጋ የጨመረችው ሰው እንዳይጠረጥር ነው። እኔ ግን አፌ ላይ አንድ ቀልድ መጣ። ከመጣ ደግሞ መዋጥ አልችልም።

"ሦስተኛው ነው እንጂ" አልኩ። "ሙሽራው እኮ ገላፊ ላይ ያለ ፍተሻ አልፎ ጠፍቷል።"

ሳቁ ፈነዳ። ዳዊት ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ሁሉም ቀልድ ብቻ መስሏቸዋል። ከዚያ የሀያትን ፊት አዩና አንድ በአንድ ዝም አሉ። እሷ አላለቀሰችም። ሻርፗን አስተካከለችና "ልክ ነሽ፤ ውሸቱ እሱ ነው። ነጥቡ ያንቺ ነው" አለችኝ። እኔም ነጥቡን ወሰድኩ። ደብተሩ ላይ በእጄ ጻፍኩት።

በማግስቱ "ትናንት አበዛሁ እንዴ?" አልኳት። "ኧረ ጨዋታ ነው" አለችኝ። እኔም አመንኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ ክፍሌ ግን አልገባችም። ሙቀቱ ነው፣ ሥራው ነው እያልኩ አለፍኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስታችንም ለሥልጠና አዋሽ ተላክን። ሥልጠናው ዓርብ ረፋድ ላይ አለቀ፤ ወደ ሰመራ የምንመለሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ ጌታቸው "የወላጆቼ ቤት እዚሁ ነው፤ እህቴ ድሬዳዋ ለቅሶ ሄዳ ቤቱ ባዶ ነው፣ እዚያ እንዋል" አሉን። ዓሊ ከጁምዓ ሲመለስ ሀያትም ሶላቷን ሰግዳ ጨረሰችና ተያይዘን ሄድን። ቤቱ ባቡር ካቆመ ዓመታት ያለፈው የድሮው ሐዲድ አጠገብ ነው፤ ግቢው መሐል ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ጥላው ሥር ወንበር አወጣን። ጋሽ ጌታቸው ሐብሐብ ቆረጡልን።

"እስኪ ፍሬ፣ ዛሬ ምን መረጥሽልን?" አሉ።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ። ጨዋታው "ማን ነኝ?" ይባላል አልኳቸው። የእያንዳንዳችን ስም በወረቀት ይጻፋል። ወረቀት የደረሰው ሰው ያንን ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ አነጋገሩን፣ አካሄዱን፣ ጠባዩን። ሌሎቻችን ማን እንደሆነ ገምተን እንጽፋለን፤ ግምቱ ግን የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዚያ ስም መጥራት ክልክል።

ለዚህ ጨዋታ ከእኔ የሚሻል እንደሌለ አውቃለሁ። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ሀያት "ወረቀቱን እኔ ልጻፍ" አለች።

ደስ አለኝ። ለሦስት ሳምንት በጨዋታችን ውስጥ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላደረገችም ነበር። ወደ ቤት ገብታ ቆይታ ወጣች። የታጠፈ አንድ ወረቀት ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"አንቺ ጀምሪልን፤ እንዴት እንደሚሆን እንይ። የሌሎቹን በኋላ ቆብ ውስጥ እጨምራለሁ።"

ወረቀቱን ከፈትኩት። "ሀያት" ይላል።

እዚህ ላይ ምን ላደርግ እችል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሀያት የሚያስቅም የሚያምርም ብዙ ነገር አላት። ደብዳቤ ስትጽፍ ለራሷ እያነበበች ታጉረመርማለች። ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ትጨምርና "ስኳር ትቻለሁ" ትላለች። ከእነዚህ አንዱ ይበቃ ነበር።

ተነሣሁ። ሻርፕ በሁለት ጣት አስተካከልኩ፤ በአጭር በአጭሩ ተራመድኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። አየሁት። ገልብጬ አስቀመጥኩት። መልሼ አየሁት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ተነፈስኩና "ኔትወርኩ ነው እንጂ ይደውል ነበር" አልኩ፤ በሀያት ድምፅ፣ በዚያ ኮምቦልቻኛ ቅላጼዋ።

ዳዊት ሳቅ ጀመረና አቆመ። ዓሊ ሐብሐቡን እያየ ነበር። ጋሽ ጌታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። እኔ ሳቁ ያነሰው ሙቀቱ አድክሟቸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሀያት እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አራት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣችና የጋሽ ጌታቸው ቆብ ውስጥ ጨመረቻቸው።

"ዓሊ፣ ያንተ ተራ ነው።"

ዓሊ ወረቀቱን ከፈተ፤ ለረጅም ጊዜ አየው። "ልጫወት?" ብሎ ሀያትን ጠየቃት። "ተጫወት" አለችው።

ወንበሩን ወደ መሐል ሳበና ተቀመጠ። ጋሽ ጌታቸውን "አንድ ነገር አጫውቱኝ" አላቸው። እሳቸው "ድሮ እዚህ ጣቢያ ላይ አንድ ሰው..." ብለው ሲጀምሩ አቋረጣቸው። አንድ ቃል ጣል አደረገና ማንም ሳይስቅ ራሱ ቀድሞ ሳቀ፤ እየሳቀም ዓይኖቹን ከአንዱ ወደ አንዱ አዟዟረ፣ ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ እየቆጠረ። ዓይኖቹ አንድ ጊዜ ብቻ አልዞሩም፤ ደጋግመው ዞሩ። የሚያስፈራ ነገር ነበረው።

እኔ ግን ከት ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ ጌታቸው የባቡር ወሬያቸውን ሲያወሩ ራሳቸው ቀድመው የመሳቅ ልማድ ስላላቸው እሳቸውን መሰለኝ። ወረቀቴ ላይ "ጋሼ፤ ሌላ ማን ሊሆን!" ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ዳዊት ከቆቡ አወጣ። ከፍቶ ሲያየው ቀና ብሎ ዓሊን ተመለከተው፤ ዓሊ አንገቱን አቀረቀረ። ዳዊት ተነሣ።

"መ-መ-መ-መብራት ጠፋ" አለ።

ሲንተባተብ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። አፉን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ፊት ይወረውራል፣ ዓይኑን ያፈጣል። "መ-መ-መብራት ጠ-ጠ-ጠፋ" እያለ በዙሪያችን ተራመደ። ከዚያ ቆሞ ወደ እኛ ዞረና "እንዴት ነኝ? ቁርጥ እሱን አይደለሁም?" አለ፤ ይህን አንድ ጊዜ እንኳን ሳይደናቀፍ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወንበሩን ያዝኩ። የገዛ ስሙ ደረሰው ብዬ ነው። ጻፍኩ፤ "ዳዊት። የራሱ ስም ደረሰው፣ ምስኪን።"

ከእኔ በቀር የሚስቅ አልነበረም። አሁን ነው የማስታውሰው።

ጋሽ ጌታቸው ሦስተኛውን ወረቀት ከፈቱ። አነበቡና ወዲያው አጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"ይሄን እኔ አልጫወትም። ይልቅ ሻይ እናፍላ።"

"ጋሼ፣ ይሄማ አይሆንም" አልኳቸው። "ሕግ ሕግ ነው።"

"ተይኝ ፍሬ።"

"ፈሩ እንዴ? ማን ቢደርስዎት ነው?"

"ልጄ፣ ተይኝ አልኩሽ።"

እኔ እጃቸውን ይዤ ጎትቼ አስነሣኋቸው። በገዛ እጄ።

ጋሽ ጌታቸው ወደ ዳዊት ወንበር ሄዱና እንደ በሽተኛ ጠያቂ ጎንበስ አሉ። መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። "አይዞዎት፤ እግዜር ይማርዎት፤ አለሁልዎት" አሉ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ። ሾርባ ሲቀዱ፣ ትራስ ሲያስተካክሉ አሳዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ እኛ ዞሩና ሆዳቸውን ይዘው ማቃሰት ጀመሩ። "ኡ... ኡ... እናቴ ድረሽልኝ... ኡ..." አቃስተው ሲጨርሱ ቀጥ ብለው ቆመው ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ጎንበስ ቀና አሉ።

ይህንን አወቅሁት።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ጌታቸው ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበር። ሾርባ ይዤ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። በሌሊቱ ትኩሳት እናታቸውን ሲጣሩ እንዳደሩ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ማቃሰታቸውን ለአሥር ሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። መስማታቸውን አላውቅም ነበር።

ሀያት ተነሣችና ግምቶቹን ሰበሰበች። ድምፅዋ እንደ ቃለ ጉባኤ አንባቢ ነበር።

"ዓሊ የተጫወተው። የዳዊት ግምት፣ ፍሬ። የጋሽ ጌታቸው ግምት፣ ፍሬ። የእኔ፣ ፍሬ። የፍሬ ግምት፣ 'ጋሼ፤ ሌላ ማን ሊሆን'።" ወረቀቱን አስቀመጠች። "ዳዊት የተጫወተው። ዓሊ፣ ፍሬ። ጋሽ ጌታቸው፣ ፍሬ። እኔ፣ ፍሬ። የፍሬ ግምት፣ 'ዳዊት። የራሱ ስም ደረሰው፣ ምስኪን'።"

ዳዊት ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ።

"ጨዋታ እኮ ነው" አልኩ።

"አዎ፣ የኔም ጨዋታ ነው" አለች ሀያት። ከሌላኛው ኪሷ ሌሎች አራት ወረቀቶች አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዱን ከፈትኩት፤ "ጌታቸው" ይላል። ሌላውን፤ "ዓሊ"። "ዳዊት"። የመጨረሻው "ፍሬ"።

"ሁለት ዓይነት ጽፌ ነበር፤ ቆቡ ውስጥ የገቡት አራቱም ያንቺ ስም ናቸው" አለችኝ። "በመጀመሪያ የኔን ስም የሰጠሁሽ ምን እንደምታደርጊ ለማየት ነው። ስልኩን ባታነሺ ኖሮ ቆቡ ውስጥ የምጨምረው እነዚህን ነበር። ወላሂ፣ እንዳታነሺው ዱዓ አድርጌያለሁ።"

"ዳዊት፣ እኔ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

ዳዊት ዞረ። "በ-በስብሰባ ላይ መ-መናገር የተውኩት..." አለ። ቃሉ ያዘው። ሁላችንም ጠበቅነው። "ለምን ይመስልሻል?"

ጋሽ ጌታቸው "በቃ ሀያት፣ በቃ ልጄ" አሉ። እኔን ግን አላዩኝም።

ከግቢው ወጥቼ በሐዲዱ ላይ እስከ ሸለቆው አፋፍ ድረስ ሄድኩ። የአዋሽ ወንዝ ከታች ይፈሳል። ለራሴ ታማኝ ልሁን፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም። ንዴት ነበር። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ሁለት ጊዜ ራሴን አይቼ አለማወቄ ነው። ጸጸቱ በኋላ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ አላጣም።

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ከሻንጣዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ገዋኔን አለፍን። ሚሌ ላይ ለነዳጅ ስንቆም ዓሊ ጎማ ሲፈትሽ አጠገቡ ሄድኩ።

"ዓሊ፣ አንተን ምን በድዬህ ነበር?"

"እኔን ምንም" አለ፤ ጎማውን በእግሩ እየመታ። "በእኔ ቀልደሽ አታውቂም።"

"ታዲያ?"

"እፈራሽ ነበር። ተራው እንዳይደርሰኝ ሁልጊዜ ቶሎ ብዬ እስቅልሽ ነበር።"

ስንት ቅዳሜ ያን ሳቅ ቆጥሬ በደስታ እንደተኛሁ አሰብኩ።

ይህን የምታነቡ፣ ሀያት አብዝታዋለች የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም ለወራት እንደዚያ ስል ነበር። ለብቻዬ ጠርታ ብትነግረኝ ምን ነበረበት እል ነበር። ግን ጋሽ ጌታቸው "ተይኝ" ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ ሁለት ጊዜ። ሰማሁ እንዴ? ሰው ሲነግረኝ የምሰማ ብሆን አዋሽ ድረስ ባልመጣሁ። ጭካኔ ነበር፤ እሱን አልክድም። ልኩ ግን የእኔው ነበር። የጨዋታውንም ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የቅዳሜው ስብሰባ በዚያው ቀረ። እኔ ማስመሰል ተውኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እስከዛሬ ሰው ሲናገር ቅላጼው ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ዝምተኛ ሆንኩ፤ አዲስ የመጡት ኩሩ ናት ይሉኛል። ጋሽ ጌታቸው ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አነሡኝና "እኔ እንኳ ያዘንኩት በማስመሰልሽ አይደለም። ሾርባው ይጣፍጥ ነበር፤ ለዚያ ነው ያዘንኩት" አሉኝ። ዳዊት በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ተቀጥሮ ሄደ፤ ሲሰናበት ሌሎቹን አቅፎ እኔን ጨበጠኝ።

ሀያትን ይቅርታ የጠየቅኳት በረመዳን ዋዜማ ነው። በሯ ላይ ቆሜ፣ ሳልቀልድ፣ ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ለአላህ ብዬ፣ ከልቤ። ረመዳንን ቂም ይዤ አልገባም።" አለቀ ብዬ ስተነፍስ ጨመረች። "ግን ፍሬ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር አልነግርሽም።"

ቃሏን ጠበቀች። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወጥታ ተመለሰች። ማለዳ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ እያነበበች፣ ለራሷ እያጉረመረመች ነበር። እጆቿ እስከ ክንዷ ድረስ በሙሽራ ሂና አሸብርቀዋል። "እንደምን አደርሽ" አልኳት። "አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደርሽ" አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤው ላይ ፊርማዬ የጎደለበትን ቦታ አሳየችኝ፤ እኔም ፈረምኩ።